ሐኪሟ ጀርባዋን በሰጠች ጊዜ

በዚያ ዘመን ቅዳሜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቶኪዮ ውስጥ የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች ሰው አልባ ይሆኑ ነበር። ገላ ይደርሳል፤ «የወደቧ ሐኪም» ግን ማንንም አትጠብቅም። ከባሕር ማዶ የመጣች የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ናት። ወርቃማ ጸጉር ያላት ሐኪም የመብራት ማማ ባለበት ወደብ ላይ መርከበኞችን ታክማለች። አንድ የመርከብ አዛዥ ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች፣ ባሕሩ ግን በየሳምንቱ ይወስድባታል። በዚያው ዓመት ጀርመኑም ብራዚሉም ያችኑ ሐኪም በየቋንቋው እያስወራ ያለቅስላታል ይባል ነበር። እኛ አገር የምትናገረው በፉሚኖ ድምፅ ነው።

ፉሚኖ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። አባቷ ኡሜኪቺ ፉካጋዋ በሚባል ሰፈር የሕዝብ መታጠቢያ ቤት አለው፤ እሷም ለውሃ ማሞቂያው ፍልጥ እየተሸከመች ነው ያደገችው። እኔ ቶኩጂ፣ የስቱዲዮው ድምፅ ቀጂ ነኝ። ሙያዬን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከጦርነቱ በኋላ ከፍርስራሽ ያነሳሁትን ሬዲዮ ስፈታ ስገጥም እጄ ለመደው። ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጬ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ያለውን ሁሉ እሰማለሁ። ቁርስ ያልበላውን ሰው ሆዱ ያሳብቅብኛል። የተጣሉትን ሰዎች ጉሮሮ ሲጠርጉ አውቃቸዋለሁ። ጠዋት ከቤቴ ስወጣ መንገድ ዳር ከቆመው ጂዞ ከሚባለው የመንገደኞች ጠባቂ ትንሽ የድንጋይ ምስል ፊት እጆቼን አጋጥሜ፣ «የሰማሁትን እንድሸከም እርዳኝ» እለዋለሁ። እስከዚያ ሳምንት ድረስ ረድቶኛል።

እንግዲህ ፉሚኖና ተርጓሚያችን ናኦሚቺ እንደሚዋደዱ ከማንም በፊት ያወቅሁት እኔ ነበርኩ። ከራሳቸውም ሳልቀድም አልቀረሁም።

ናኦሚቺ የኪዮቶ ልጅ ነው። ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ሐኪም ያልሆነ ወንድ በቤታቸው የለም። እሱ ግን ሕክምናውን ትቶ እንግሊዝኛ ተማረና የፊልም ንግግር ተርጓሚ ሆነ፤ ቤተሰቡም «አንድ ቀን ይመለሳል» እያለ ይጠብቀዋል። ረቡዕ ረቡዕ ሲቀዳ መጥቶ ከጎኔ ይቀመጣል። ከፉሚኖ ጋር ሦስት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ሲባባሉ ኖረዋል። ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው፣ ባቡሩ ዘገየ፤ ከዚህ ያለፈ ወሬ አልነበራቸውም። ግን ፉሚኖ ረጅም ንግግር ስትናገር ትንፋሽ ያጥራታል፤ ናኦሚቺም ይህን አውቆ የሐኪሟን ንግግር በትክክል እሷ በምትተነፍስበት ቦታ ይቆርጠዋል። ለሌሎቹ ቃል ጻፈላቸው፤ ለእሷ ትንፋሿን ጻፈላት። እሷም አንድ ጥቅል ፊልም ባለቀ ቁጥር ሥራው መውደቅ አለመውደቁን ለመጠየቅ መጀመሪያ የምታየው አዘጋጁን ሳይሆን እሱን ነው። እሱ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ይጀምራል። ምንም ያልቆሸሸ መነጽር።

ስለ አሠራራችን ትንሽ ካልነገርኳችሁ የሆነው አይገባችሁም። ተዋንያኑ በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ማይክሮፎን ከበው ይቆማሉ። ፊልሙ ይለቀቃል፤ አንዱ ጥቅል አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው፣ መሃል ላይ መቁረጥ የለም። በአሥራ ሰባተኛው ደቂቃ አንድ ሰው ቢያስነጥስ ሁሉም እንደገና «ሀ» ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ በካልሲ ነው የሚቆሙት፤ የሚንኮሻኮሽ ልብስ ክልክል ነው። የጽሑፉን ማያያዣ ነቅለው ገጾቹን አንድ በአንድ ይይዙና፣ ያነበቡትን ገጽ ወለሉ ላይ ወደተነጠፈው ብርድ ልብስ በቀስታ ይለቁታል። ገጹ እንደ ቅጠል ይወርዳል፣ ድምፅ የለውም።

ሌላም ነገር አለ። የፊልሙ ሰው ጀርባውን ሲሰጥ አፉ አይታይም። አፍ ካልታየ ደግሞ ተርጓሚው የፈለገውን ንግግር ሊያስገባ ይችላል። የመርከብ አዛዡን ድምፅ የሚጫወተው ሽማግሌው ጌንዞ ይህን «የተርጓሚ ርስት» ይለዋል።

በጥቅምት የናኦሚቺ አባት ታመመና ልጁ ወደ ኪዮቶ ተጠራ። ከመጨረሻው በፊት ያለውን ክፍል ተርጉሞ፣ የእያንዳንዱን ተዋናይ ቅጂ በየሣጥኑ ከትቶ ሰኞ ሄደ። ረቡዕ ያለ እሱ ቀዳን። ቅዳሜ ተላለፈ። በሚቀጥለው ሳምንት የመጨረሻው ክፍል በፖስታ መጣ፤ ከላዩ ለስቱዲዮው ኃላፊ የተጻፈ አጭር ወረቀት ነበረበት።

የወረቀቱን ወሬ ያመጣው ጌንዞ ነው። ረቡዕ ጠዋት ልምምድ አድርገን፣ ከሰዓት በኋላ ልንቀዳ፣ እኩለ ቀን ላይ ሶባ የሚሉትን በሾርባ የሚበላ ፓስታ እየበላን ነበር። ናኦሚቺ አይመለስም አለ። አባትየው አገግመዋል፤ ልጁ ግን እዚያው የክሊኒካቸውን ቢሮ ሊይዝ ነው። እሁድ ደግሞ የአንድ ፕሮፌሰር ልጅ ለጋብቻ እንዲተያዩ ከእናት ከአባቷ ጋር ቤታቸው ትመጣለች፤ ፎቶዋን አይቶ ቤተሰቡ ወዷታል። «ቅዳሜ የመጨረሻዋን ክፍል ከቤተሰቦቼ ጋር ሆኜ አያታለሁ» ብሎም ጽፏል።

ጌንዞ ክፉ ሰው አይደለም፤ አላወቀም። ፉሚኖ ሳህኗን አላስቀመጠችም። ሶባውን እስከ መጨረሻዋ ክር በላች፣ ሾርባውን ጠጣች፣ ቾፕስቲኩን አስተካክላ አጋደመች። ከዚያ ብቻዋን ወደ ባዶው የቀረጻ ክፍል ገባች። ማይክሮፎኑ ክፍት መሆኑን ረስታለች። እኔ ማዳመጫው አንገቴ ላይ ነበር።

«ቢያንስ ደህና ሁኚ ቢለኝ ምን ነበረበት» አለች፤ ለማንም አይደለም።

ማዳመጫውን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጂዞዬን አሰብኩት። የሰማሁትን ተሸከምኩ፣ ከበደኝ።

እጄን ሥራ ላስይዘው ብዬ የዕለቱን መዝገብ ልጽፍ ተነሳሁ። የጦርነቱን ጊዜ ያየ ሰው አንድ ገጹ ያልተጻፈበት ወረቀት አይጥልም፤ እኔም ያለፈው ሳምንት ገጾች ከብርድ ልብሱ ላይ ሲሰበሰቡ ወስጄ በጀርባቸው ነው መዝገቤን የምጽፈው። ከክምሩ አንዱን ሳብኩ። በፊት ለፊቱ የናኦሚቺ እጅ ጽሑፍ በብዜት ታትሟል፦ ሐኪሟ ጀርባዋን ሰጥታ ባሕሩን ታያለች፣ ሙዚቃ፣ ያበቃል። ገለበጥኩት። ጀርባው በእርሳስ ተጽፎበታል።

ጆሮዬን ሰምቶ እንዲያልፍ አስለምጄዋለሁ፤ ዓይኔን ግን እንዳያነብ አላስለመድኩትም። ሁሉንም ካነበብኩ በኋላ ነው ደብዳቤ መሆኑ የገባኝ።

«ፉሚኖ፣ ሦስት ዓመት እርስዎ እያልኩ ኖሬ ዛሬ አንቺ ለማለት ወረቀት ጀርባ ተደብቄአለሁ። ቤት ስደርስ ስለ ጋብቻ እንደሚያነሱብኝ አውቃለሁ። እምቢ ለማለት አልፈራም፤ የምፈራው ብቻዬን እምቢ ማለትን ነው። እዚህ ገጽ ላይ ሐኪሟ ጀርባዋን ትሰጠናለች፤ አፏ አይታይም። ቦታውን ባዶ የተውኩት ለአንቺ ነው። ከእኔ ጋር መኖር ከፈለግሽ እዚያ ላይ ‹እጠብቅሃለሁ› በይ። ለፊልሙም ይስማማል፣ ማንም አያውቅብንም። ቅዳሜ ኪዮቶ ሆኜ አዳምጣለሁ። ዝም ካልሽ ዝምታሽን እንደ መልስ እቀበላለሁ፤ በሥራ ስንገናኝም አላሳፍርሽም።»

ያኔ ያለፈው ረቡዕ ትዝ አለኝ። አዘጋጃችን ሺባታ ልንቀዳ ስንል የመጨረሻውን ገጽ አየውና፣ ንግግር የለበትም፣ ሙዚቃና ጀርባ ብቻ ነው፤ ሲወርድ እንዳይንኮሻኮሽ ከየእጃችሁ አውጡት አለ። ሁሉም አወጣ። ፉሚኖም አወጣች፣ ሳታገላብጥ ከሚጣሉት ወረቀቶች ክምር ላይ ጣለችው። ናኦሚቺ ቦታውን ባዶ በመተዉ ገጹ ባዶ ተብሎ ተጣለ። የሐኪሟ ጀርባ በዝምታ አለፈ። ያን ዝምታ የቀዳሁት እኔ ነኝ። መዝገቤ ላይ «ዝምታው ንጹሕ ነው» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ፉሚኖ ኮሪደሩ ላይ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። የሰው መልእክት ባለማወቅ ማንበቤን ነገርኳት፣ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ። ሁለት ጊዜ አነበበችውና ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች፤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እንባዋ ሲወርድ አየሁ፤ ድምፁ ግን ሳቅ ነበር።

«ጋሼ ቶኩጂ፣ እኔ እኮ በገዛ እጄ ነው የጣልኩት።»

ደብዳቤ ጻፊለት አልኳት። ደብዳቤው እስኪደርስ እሁድ ይሆናል፤ ቀድሞ ቢደርስም እናትየው ሳያዩት አያልፍም አለች። ቴሌግራምስ? «ቴሌግራሙን ማን ፈርሞ የሚቀበል ይመስልሃል?» አለችኝ አፍንጫዋን እየሳበች። የቤቱን ስልክ ቁጥር ማናችንም አናውቅም። ብታውቀውስ? የመታጠቢያ ቤት ልጅ ለእሁድ እንግዳ በሚሰናዳ የሐኪሞች ቤት ደውላ ምን ትላለች?

ጫማዋን ጨርሳ አወለቀች። ተነሳች። ድምፅዋ ሌላ ሆነ።

«እሱ በሥራ መሃል ጠየቀኝ፤ እኔም በሥራ መሃል እመልስለታለሁ። በዛሬው ክፍል ሐኪሟ ጀርባዋን ትሰጣለች?»

ፊልሙን ጠዋት ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሦስተኛው ጥቅል ላይ፣ አዛዡ ከመርከቡ ሆኖ ከተጣራ በኋላ፣ ሐኪሟ የማማውን ደረጃ ትወጣለች። ሰባት ሰከንድ። ነገርኳት። ምን ልትል እንዳሰበች አልጠየቅኳትም፤ ብጠይቃት ተባባሪ መሆኔ ነው። ባልጠይቃትም ተባባሪ ነበርኩ።

ከሰዓት በኋላ ጀመርን። የመጀመሪያው ጥቅል በአንድ ጊዜ አለፈ። ሁለተኛውን ጌንዞ በማስነጠሱ ሁለት ጊዜ ሠራነው፤ ሺባታ ፊቱ ጠቆረ። ሦስተኛው ገባ። ገጾቹ አንድ በአንድ ብርድ ልብሱ ላይ ይወርዳሉ። በአሥራ ስድስተኛው ደቂቃ ጌንዞ በዚያ የስድሳ አንድ ዓመት ጎርናና ድምፁ ከመርከቡ ላይ ተጣራ፤ ሲያስነጥስ የነበረ ሰው አይመስልም። ሐኪሟ ዞረች። ጀርባዋን ሰጠችን። አንድ ደረጃ ወጣች፣ ሁለት ደረጃ። ፉሚኖ እጇ ላይ ያለውን ገጽ ለቀቀችው፤ ባዶ እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና ወደ ማይክሮፎኑ ግማሽ እርምጃ ቀረበች።

«አሁን ገና ሰማሁህ» አለች። «እጠብቅሃለሁ።»

በሕይወቴ ብዙ ተዋንያን ፍቅር ሲሉ ቀድቻለሁ። ይህ ግን ማዳመጫው ውስጥ ሞቀኝ።

የሺባታ እጅ ለማስቆም ተነሳ፣ አየር ላይ ቀረ። አሥራ ስድስት ደቂቃ መጣል አሳዝኖት ይሁን ሌላ አላውቅም፤ ጥቅሉ እስኪያልቅ እጁን እንደ ሐውልት ይዞ ቆመ። የቀረጻው መብራት ሲጠፋ ወደ ፉሚኖ ዞረና ያ ንግግር ስንተኛው ገጽ ላይ እንዳለ ጠየቃት። ፉሚኖ አቀረቀረች። አንገቷ እስከ ጆሮዋ ቀልቷል።

«ገጹማ ወለል ላይ ነው፤ ጎንበስ ብለህ ፈልገው» አለ ጌንዞ። «ይኸን ሁሉ እንደገና ሥሩ ካልከኝ ደግሞ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ሽንቴ አሥራ ስምንት ደቂቃ አይጠብቅልህም።»

የሳቀ ሰው ነበር። ሺባታ አልሳቀም። በመስታወቱ በኩል አየኝ። ደንባችን ነው፤ አዘጋጁ መጨረሻ ላይ «ድምፁስ?» ይላል፤ እኔ ቆሻሻ ነው ካልኩ ጥቅሉ ይጣላል፣ ንጹሕ ነው ካልኩ ያልፋል። በዚያ ወንበር ላይ አንድም ቀን ስለ ድምፅ ዋሽቼ አላውቅም።

«ድምፁስ?»

«ንጹሕ ነው» አልኩ። «እዚህ ቤት ከቀዳሁት ሁሉ ንጹሑ ነው።»

አልዋሸሁም።

ሺባታ መልሼ እንዳሰማው አዘዘኝ። አሰማሁት። አንድ ጊዜ ፉሚኖን፣ አንድ ጊዜ ብርድ ልብሱ ላይ የተበተኑትን ገጾች፣ አንድ ጊዜ ከጎኔ ያለውን ባዶ ወንበር አየ። ናኦሚቺ የሚቀመጥበትን። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ያ ልጅ ኪዮቶ ሆኖም መጻፉን አልተወም እንዴ፣ በስሙ ይለፍ አለ። ለካ ሰምቶ ዝም ማለት የእኔ ብቻ ሙያ አልነበረም።

ቅዳሜ ማታ ፎጣዬን ይዤ ፉካጋዋ ሄድኩ። ቤቴ አጠገብ መታጠቢያ ቤት ሞልቷል፤ ባለቤቴ «እዚያ ድረስ ምን አስኬደህ?» ብላ ጠይቃኛለች፤ ወገቤን ነው አልኳት። የኡሜኪቺ ቤት እንደ ሌሎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ አይራቆትም። ብልህ ሰው ነው፤ ቴሌቪዥኑን በወንዶችና በሴቶች ክፍል መካከል ካለው የጠባቂ መቀመጫ በላይ ከፍ አድርጎ ስለሰቀለው፣ ሰፈሩ በሙሉ በፎጣ ተጠቅልሎ አንገቱን አንጋጦ ያያል። ሐኪሟ ብቅ ባለች ቁጥር «የእኔ ልጅ ናት» ይላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ብሎታል።

«ኡሜኪቺ፣ ልጅህ ጸጉሯን ወርቅ ያስነከረችው መቼ ነው?» ትለዋለች ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት። ይህንንም ሦስት ዓመት ሙሉ ብላዋለች።

የዚያን ቀን ኡሜኪቺ እንዲመቸው ብሎ ከደንበኞቹ መሃል ተቀምጦ፣ ፉሚኖን በእሱ ቦታ አስቀምጧታል። ሳሙና ለጠየቃት ሰው ፎጣ፣ ፎጣ ለጠየቃት ሳሙና ትሰጣለች። እኔን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች።

አዛዡ ከመርከቡ ተጣራ። ሐኪሟ ጀርባዋን ሰጠች። አሁን ገና ሰማሁህ። እጠብቅሃለሁ።

«ይበል! ከዚህ በኋላ ካልመጣ ያ ሰውዬ ልብ የለውም» አለች አሮጊቷ። ፉሚኖ መዳፏን ፊቷ ላይ ከደነች።

ፊልሙ አለቀ። ሰው ወደ ውሃው ተመለሰ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ግድግዳው ላይ ያለው የሰፈሩ ስልክ ዝም ብሏል፤ የመታጠቢያ ቤቱ ቁጥር በየማስታወቂያው ስላለ ለሚፈልገው አይጠፋም። እኔ ልብሴን እንደ ሕፃን አንድ ቁልፍ እየቆለፍኩ አንድ እየፈታሁ ተቀመጥኩ። በልቤ ጂዞዬን «ዛሬ አንድ ድምፅ ብቻ ስጠኝ» አልኩት።

ስልኩ ጮኸ። ፉሚኖ ዘላ አነሳችው። ለሩዝ ነጋዴው ሚስት ነበር፤ እህቷ ወልዳለች። ሴትየዋ በእርጥብ ጸጉሯ ሮጣ መጥታ አወራች፣ ስለ ሕፃኑ ክብደት አወራች፣ ስለ አማቷ አወራች። ፉሚኖ እንኳን ደስ ያለሽ አለቻት፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ተዋናይ ናት። ሴትየዋ ስልኩን ዘጋች፤ እጇ ገና ከስልኩ ሳይነሳ እንደገና ጮኸ።

በዚህ ጊዜ ኡሜኪቺ ደረሰ፣ አነሳው። «ኪዮቶ?» አለ። «ኪዮቶ የማውቀው ሰው የለኝም።» አዳመጠ። ግንባሩ ተኮማተረ። ከዚያ ስልኩን ከጆሮው አርቆ እንደ ተበላሸ ዕቃ አየውና ልጁን ጠራ። «ፉሚኖ፣ አንድ ሰው ‹ሰምቻለሁ በሏት› ይላል። ምኑን ነው የሰማው?»

ውሃ ውስጥ ያሉት እንኳ መንቀሳቀስ ተዉ። ፉሚኖ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«ገጹን አውጡ ተባልን» አለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ጀርባውን ሳላይ ጣልኩት። ረቡዕ ነው የደረሰኝ። እርስዎ ... እናትዎ አጠገብዎ ናቸው? ይስሙ፣ ግድ የለም።» አዳመጠች። እሱ የሚለውን አልሰማሁም፤ የእሷን ትንፋሽ ግን ሰማሁት፤ እሱ እየጻፈ በሚቆርጥላት ቦታ ሁሉ ትተነፍስ ነበር። «አዎ» አለች። እንደገና «አዎ» አለች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «አንተስ?» አለችው።

አፏን በመዳፏ ከድና ወደ አባቷ ዞረች። ዓይኗ እንደ እርጥብ ድንጋይ ያበራል።

«አባዬ፣ ነገ ጠዋት እንግዳ ይመጣብናል። ከአባቱ ጋር ነው የሚመጣው። ለፕሮፌሰሩ ቤት አሁኑኑ ስልክ ደውለው ይቅርታ ሊጠይቁ ነው።»

ኡሜኪቺ ወደ ቴሌቪዥኑ አየ፣ ወደ ልጁ አየ። ሦስት ዓመት የተሾፈበት ሰው ነው።

«ጸጉሩ ምን ዓይነት ነው?» አላት።

«ጥቁር ነው፣ አባዬ።»

«ተመስገን» አለና መሬት ላይ ተቀመጠ።

ፉሚኖ ጀርባዋን ሰጠችን። ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ስልኩን ወደ ጉንጯ አስጠጋች። አፏ አይታይም። ሹክሹክታ ጀመረች። የኔ ጆሮ ደግሞ ሹክሹክታ በግድግዳ አልፎ ይሰማል፤ ዕድሜ ልኬን ያሠለጠንኩት ለዚሁ ነው። ተነሳሁ። ሸሚዜ ግማሹ ተቆልፎ ግማሹ ሳይቆለፍ ወደ ገንዳው ሄጄ የመጀመሪያውን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ጎኔ የነበረው ሰውዬ አየኝ፣ ገባው፣ የእሱን ከፈተ። ቀጣዩም ከፈተ። ከሴቶቹ በኩል አሮጊቷ ምን ገጠማችሁ ብላ ጮኸች፤ ከዚያ እዚያም ቧንቧው ሁሉ ተከፈተ፤ ቤቱ በውሃ ድምፅ ተሞላ።

የተባባሉትን አልሰማሁም። እንፋሎቱ ውስጥ በሸሚዜ ቆሜ፣ እግሬ ርሶ፣ ባለመስማቴ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።